«ልጁ» የተባለው ጎልማሳ፦ የአእምሮ ሕመምና አንቱታ በቤተ ልሔም ዙሪያ

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አእምሮው የታመመን ሰው ዘመድ ብዙውን ጊዜ አይሸሸውም። ወንድም እርሻውን ትቶ ጠበል ያወርደዋል፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠብቀዋል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ከዘረዘሯቸው ሦስት መሠረታዊ የሥነ ልቦና ፍላጎቶች (በራስ መወሰን፣ መቻል፣ ከሰው መተሳሰር) የመጨረሻው እዚህ ብዙ ጊዜ ሞልቷል። የሚጎድሉት ሁለቱ ናቸው፤ አንዳንዴም የሚወሰዱት በዚያው በፍቅር ነው። ታማሚው በሰንሰለት ሲታሰርም፣ የሚያስረው ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ያጣ፣ የሚወደው ቤተሰብ ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ባለሙያው «እንቅልፍ አለው?» ብሎ ወንድምየውን ይጠይቃል። ታማሚው ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ትናንት «አንቱ» ይባል የነበረ የአርባ ዓመት ሰው ዛሬ «ልጁ» ሆኗል።

የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ዜማውን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ያጠናል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። ይህ ሁሉ ብርቱ የማስታወስ ችሎታ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአካባቢው ለእብደት የሚሰጠው አንዱ ምክንያት አብሾ ነው፤ አእምሮ እንዲከፍት ተብሎ የሚወሰድ፣ ሲበዛ የሚያሳብድ። የሕክምና ሰዎች ይህን በፈገግታ ያልፉታል። እኔ ግን አልቸኩልም። «ክፉ መንፈስ ለክፎታል» የተባለ ሰው ተጠቂ ብቻ ነው፤ «አብሾ ነው» የተባለው ግን ትምህርት ፍለጋ የተጎዳ ሰው ነው። ይህ ማብራሪያ ሕክምናን አይተካም፤ ክብር ግን ያተርፍለታል። ሆኖም «ድጓውን እስከየት ዘልቀው ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሕመሙ የማስታወስ ችሎታውን ጨርሶ አልወሰደበት ይሆናል፤ ጀማሪ ተማሪ አጠገቡ ቢቀመጥ የሚያርመው ነገር አያጣም።

ታማሚው መልሶ ሊችል እንደሚችል ማሰብ ምኞት ብቻ አይደለም። በጉራጌ አካባቢ፣ በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ተቋም ከሚሰጠው ሕክምና በተጨማሪ ከማኅበረሰቡ የወጡ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት ድጋፍ ያደረጉላቸው ሰዎች ከ12 ወር በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት እንደቻሉ አሳይቷል።

ለጀማሪ ባለሙያ የምሰጠው ምክር ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ፊትዎን ከወንድምየው ወደ ታማሚው ያዙሩና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ክኒኑ ያፈዝዝዎታል? ጠዋት በሬ ይጠምዳሉ፤ ማታ ቢወስዱት ይሻልዎታል?»