የገፈፈ ያልብስ፦ ስለ ድንክ ፈረሶችና ስለ ፀጉራቸው

ዛሬ ትንሽ ወጣ ያለ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አዛዦች ስንጽፍ የሚረሱ ፍጥረታት አሉ። የዛሬው ወጋችን ስለ ድንክ ፈረሶች ነው፤ ከዚያም ጠበብ አድርገን ስለ ፀጉራቸው። «የፈረስ ፀጉር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ድንክ ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሲያዩት ውርንጭላ ይመስላል እንጂ ያደገ፣ የበሰለ ሙሉ ፈረስ ነው። በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ድንክ ፈረሶች ማኅበር ቁመቱን የሚለካው የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ካለበት ቦታ ጀምሮ ነው፤ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጠውን አይቀበልም። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ በየጋጣው የመቁረጫ ማሽን ድምፅ ይሰማል። ያው ፀጉር ቤት የምናውቀው ቶንዶስ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከፍ ይላል። አንዱ ድንክ ተሸልቶ ሲያልቅ ከእግሩ ሥር የሚከመረው ፀጉር ሌላ ፈረስ የተኛ ያስመስላል።

ታዲያ ፈጣሪ ያለበሰውን ለምን ይገፉታል? በራሱ ጊዜ አይረግፍም ወይ?

ይረግፋል። ግን ፈረስ ፀጉሩን የሚያበቅለውና የሚያረግፈው ብርድና ሙቀቱን ብቻ ለክቶ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚከተለው የቀኑን ርዝመት ነው። በዓይኑ የሚገባው ብርሃን አንጎሉ ደርሶ ሜላቶኒን የሚባለውን የሌሊት ሆርሞን ይቆጣጠራል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ፕሮላክቲን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ይጨምራል፤ ያኔ አሮጌው ፀጉር መልቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ገና በረዶው ከመሬት ሳይነሳ ፈረሱ መርገፍ ሊጀምር ይችላል። በሰኔ መጨረሻ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ደግሞ፣ ሰው በሙቀት እየተቃጠለ፣ የፈረሱ ሰውነት ለሚመጣው ብርድ መሰናዳት ይጀምራል። ምግቡም፣ ጤናውም፣ የአየሩ ጠባይም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አዛዡ ግን ብርሃን ነው።

እኛ አገር ይሄ ነገር ብዙም የማይወራው ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱን ረጅሙን ቀንና አጭሩን ቀን ብታነጻጽሩ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እኔ የደብረ ብርሃንን ብርድ የለመዱ ፈረሶች አይቻለሁ፤ ጋማቸው ሲከረከም እንጂ ገላቸው ሲሸለት ግን አላየሁም።

አሁን ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ባሕር መሐል ወዳሉት የሼትላንድ ደሴቶች እንሂድ። የብዙዎቹ ድንክ ፈረሶች የዘር ሐረግ አንዱ ትልቅ ሥር እዚያ ነው። በታኅሣሥ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ብንናገር፣ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም! በሰኔ ደግሞ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። ሣሩ አጭር፣ ነፋሱ ጨካኝ ነው። እዚያ የኖሩት ፈረሶች እግራቸው አጭር፣ ገላቸው ድፍን ያለ፣ ፀጉራቸው ድርብ ሆነ። ከውስጥ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለው ሙቀት ይይዛል፤ ከላይ ረዘም ያለው ዝናቡን እያንሸራተተ ያወርዳል። በረዶ ጀርባቸው ላይ ሳይቀልጥ ይቆያል፤ የገላቸው ሙቀት ወደ ውጭ አያመልጥማ!

ይህን ካፖርት ለብሰው ይኖሩ የነበሩትን ፈረሶች ወደ ጨለማ ያወረዳቸው አንድ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ክፉ ሕግ አልነበረም። በ1842 የብሪታንያ ፓርላማ ሴቶች በሙሉ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ከመሬት በታች በማዕድን ጉድጓድ እንዳይሠሩ ከለከለ። ከዚያ በፊት በጠባቡ መተላለፊያ የከሰሉን ጋሪ በአራት እግራቸው እየዳሁ የሚጎትቱት ልጆችና ሴቶች ነበሩ። እነሱ ከወጡ በኋላ ግን ከሰሉ ሰው ከለከለ ብሎ በራሱ አይወጣም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ትልቅ ፈረስ አይገባም። ሼትላንዱ ግን ይገባል።

በዚህ ምክንያት ድንኮቹ በመርከብ እየተጫኑ ወደ እንግሊዝ ከሰል ማውጫዎች ይጎርፉ ጀመር። የደርሃም ከሰል ባለቤት የነበሩት የለንደንደሪ መሳፍንትም በብሬሴይና በኖስ ደሴቶች ላይ የራሳቸውን ማርቢያ አቋቁመው፣ ከመሬት ዝቅ ያለ ግን አጥንቱ የከበደ ፈረስ መርጠው ያራቡ ነበር። የሼትላንድ ፈረሶች የዘር መዝገብ ማኅበር በ1890 ሲመሠረትም ያ ማርቢያ በዘሩ ላይ ያሳረፈው አሻራ ከባድ ነበር። በ1913 በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ የሚሠሩት ፈረሶች ቁጥር 70,000 ያህል ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የፀጉሩ ነገር የሚመጣው። ጥልቅ ጉድጓድ ይሞቃል። ፈረስ ደግሞ እንደ ሰው በላቡ ነው የሚቀዘቅዘው። ላቡ ካልተነነ ሙቀቱ አይወጣም። ያ ሼትላንድ ላይ ሕይወት ያዳነ ድርብ ፀጉር ጉድጓዱ ውስጥ ላብና የከሰል አቧራ የጠጣ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ይሸልቷቸው ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ሰው መጀመሪያ ፀሐይዋን ወሰደበት፤ ቀጥሎ ፀሐይዋ ያለበሰችውን ወሰደበት። ሆኖም እዚያ ቦታ ላይ ሽለታው ምሕረት ነበር። ክፋቱ ከመቀሱ ሳይሆን ከጉድጓዱ ነው።

ስለ መቀሱም ትንሽ ላንሳ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረስ የሚሸለተው በመቀስና በማበጠሪያ ነበር፤ አንዱን ፈረስ መጨረስ የቀናት ሥራ ነው። የተረፈውን ጫፍ በመብራት ነበልባል እየለበለቡ ያነሱት ነበር። ኋላ በእጅ የሚጨበጠው መቁረጫ መጣ፤ ቀጥሎ አንዱ ሰው መዘውሩን ሲያዞር ሌላው የሚሸልትበት ማሽን። ይህን ማሽን ሠርቶ ከከበሩት አንዱ የቺካጎ ፍሌክሲብል ሻፍት ኩባንያ ነው። ስሙን አታውቁት ይሆናል፤ ግን በኋላ ስሙን ሰንቢም ብሎ የሊጥ ማሽንና የልብስ ካውያ የሸጠላችሁ እሱ ነው። የእናቶቻችን ካውያ ዘመድ የፈረስ መሸለቻ ነው ብላችሁ ማን ያምናችኋል?

ማሽኑ ሥራውን አቀለለ። ሥራ ሲቀል ደግሞ ሳያስቡ መሥራትም ይቀላል። ለዚህ ከባዱ ምስክር አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። በምዕራቡ ግንባር መድፉንም፣ ጥይቱንም፣ ዳቦውንም የሚያደርሱት ፈረስና በቅሎ ነበሩ። በ1916 እና በ1917 መካከል በነበረው ብርድ እከክ ገባባቸው። እከክ የሚያመጣው ቆዳ ውስጥ የሚገባ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ደግሞ ይደብቀዋል። ለማየትም መድኃኒት ለመቀባትም ሲባል የብሪታንያ ጦር ፈረሶቹን ሸለተ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ የእንስሳት ሐኪምም ይህንኑ ይመክራል። ግን የተሸለተው ፈረስ የሚያድረው ጋጣ ውስጥ አልነበረም፤ ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ መኖው ተቀንሶበት ነው። ኤፕሪል 9 ቀን 1917 የአራስ ውጊያ ሲጀመር በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይወርድ ነበር። የሚያሞቅ ፀጉር የሌላቸው፣ ሆዳቸው ያልጠገበ ፈረሶች መድፍ እየጎተቱ በብርድና በድካም ወደቁ። በጦርነቱ በሙሉ በብሪታንያ በኩል ካለቁት 484,000 የሚገመቱ ፈረሶች የሚበዙት የሞቱት በጥይት አልነበረም፤ በበሽታ፣ በድካም፣ በብርድ ነው።

ጉድጓዱንና ጦር ሜዳውን አስተያዩዋቸው። መቀሱ አንድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጋ ምክንያት ነው። አንደኛው ጋ ሙቀት ነበረ፣ ሁለተኛው ጋ አልነበረም። ፀጉሩን የወሰደ ሰው ፀጉሩ ይሠራ የነበረውን ሥራም አብሮ ተረክቧል ማለት ነው። መጠለያ፣ ልብስ፣ ምግብ ካላቀረበ ዕዳውን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

ወደ ዛሬዎቹ ድንኮች ልመለስ። ከጉድጓድ ከወጡ ቆይተዋል። ብሪታንያ ውስጥ ከኤሊንግተን ጉድጓድ የመጨረሻዎቹ አራቱ የወጡት በ1994 ነው። የሼትላንዱ ዘር ግን ባሕር ተሻግሮ ከሌሎች ድንኮች ጋር ተቀላቅሎ ሜሪላንድና ቴክሳስ ሣር ላይ ይግጣል። ካፖርቱንም ይዞት መጥቷል። ቴክሳስ ላይ በፀደይ የሼትላንድን ካፖርት ለብሶ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት!

ስለዚህ ሽለታው እውነተኛ ጥቅም አለው። ሙቀቱን ያቀልለታል። ቅማልና የቆዳ ቁስል ይገልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገላውን ያሳያል፤ ያን ሁሉ ፀጉር የለበሰ ድንክ ሲያዩት ድብልብል ይላል፣ በእጅ ሲዳብሱት ግን የጎድን አጥንቱ ሊቆጠር ይችላል። በተቃራኒው ከልክ በላይ ወፍሮ ለኮቴ ሕመም የተቃረበም ይኖራል። ያረጀ ፈረስ ሙቀቱ ገብቶም ፀጉሩ አልረግፍ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንጎል ሥር ያለች ዕጢ መታወኳን ይናገራልና፣ ሸልቶ ዝም ማለት ሳይሆን ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ለውድድር ብቻ የሚሸልትም አለ። ዳኛው ፊት ቆዳው እንዲያብረቀርቅ፣ አንገቱ እንዲቀጥን ተብሎ ሌሊቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ይሸለታል። አንዳንዱ ጋ የአፍንጫና የዓይን ዙሪያ ጢሙ ሳይቀር ይላጫል። ያ ጢም ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ ፈረስ አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር በዓይኑ ማየት ስለማይችል የሚዳስሰው በእሱ ነው። ጀርመን ይህን መላጨት ቀደም ብላ ከልክላለች፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ከጁላይ 2021 ጀምሮ ጢሙ የተላጨ ፈረስ በውድድሮቹ እንዳይሳተፍ ደንግጓል። ከሁለት መቶ ዓመት መሸለት በኋላ «ይሄስ ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ መጀመሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥሩ አርቢዎች ሲሠሩ አይቻለሁ። ሌሊቱ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ቀድመው አጥበው ያደርቁታል። ምላጩ ሲግል እያቆሙ ያቀዘቅዙታል። ሲጨርሱ ቀላል ልብስ አጠገባቸው አለ፤ ብርድ ድንገት ቢመለስ ያለብሱታል። ቆዳው ነጣ ያለውን ደግሞ ፀሐይ እንዳታቃጥለው ጥላ ያዘጋጁለታል። ባጭሩ ሕጉ አንድ ነው፦ የገፈፈ ያልብስ።

ይህ ሕግ ለፈረስ ብቻ አይመስለኝም፤ እሱን ግን ለእናንተ ልተወው።

በሉ፣ ገጠር ያደጋችሁ፣ በተለይ የአገው ምድር፣ የሰላሌና የአርሲ ልጆች፦ በእናንተ አካባቢ ፈረስ በብርድ ጊዜ እንዴት ይያዛል? አባቶች ምን ያለብሱት ነበር? ከሥር ጻፉልኝ፤ እኔም ልማር። መልካም ሰንበት!