ሞለኪውልን በብርሃን ስለ ማቀዝቀዝ

ብርሃን ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛል ቢባል ለሰሚው እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀት የጥቃቅን አካላት እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴውን የሚገታ ነገር ያቀዘቅዛል። ሄንሽ እና ሻውሎ በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነበር። የሌዘሩ ድግግሞሽ አቶሙ ከሚቀበለው በጥቂቱ ዝቅ ቢደረግ፣ ወደ ጨረሩ የሚገሠግሠው አቶም ብርሃኑን ይበልጥ ይቀበላል፤ በተቀበለም ቁጥር ወደ ኋላ እየተገፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በ1985 እስቲቨን ቹ እና ባልደረቦቹ የሶዲየም አቶሞችን 240 ማይክሮኬልቪን ወደሚያህል ሙቀት አወረዱ፤ ይህም ከፍፁም ዜሮ በላይ የአንድ ኬልቪን አንድ ሺኛ እንኳ የማይሞላ ነው።

የሞለኪውል ነገር ግን ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ቆየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አቶም ብርሃኑን ውጦ ከተፋ በኋላ ወደ ነበረበት ሁኔታ ስለሚመለስ፣ ግፊቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሞለኪውል ግን ይሽከረከራል፤ ውስጣዊ ንዝረትም አለው። ብርሃኑን ሲተፋ በሌላ የንዝረት ደረጃ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌዘሩ አያገኘውም። ለየደረጃው ሌዘር ይመደብ ቢባል ማብቂያ የለውም።

መፍትሔው የመጣው ከሞለኪውሉ ምርጫ ነው። ዲ ሮዛ በ2004 ለዚህ ሥራ የሚስማሙትን ሞለኪውሎች አመለከተ። ለምሳሌ በስትሮንቲየም ሞኖፍሎራይድ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ኤሌክትሮን ሁለቱን አቶሞች በማያያዝ ረገድ ድርሻው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ብርሃን ሲውጥና ሲተፋ ንዝረቱ እምብዛም አይለወጥም። በዬል ዩኒቨርሲቲ የዴሚል ቡድን በ2010 ይህንን ሞለኪውል በሦስት ሌዘሮች ብቻ አቀዘቀዘ፤ በ2014ም በብርሃንና በማግኔት ወጥመድ ያዘው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በከባድ ሞለኪውሎች ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በላቦራቶሪ ከሚሠራው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የኤሌክትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ወደ አንድ ወገን ያዘነብል እንደሆነ በዚያ ይመረመራል። ቢያዘነብል ኖሮ፣ ዓለም ከቁስ ተሠርቶ ፀረ ቁስ የጠፋበትን ምክንያት ለመረዳት ትልቅ ፍንጭ በሆነ ነበር። በ2018 በቶሪየም ሞኖክሳይድ ጨረር የተደረገው ምርመራ እያንዳንዱን ሞለኪውል የሚያየው ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ነበር። በ2023 በኮሎራዶ የታተመው ምርመራ ግን በኤሌክትሪክ ወጥመድ የተያዙ የሞለኪውል አዮኖችን እስከ 3 ሰከንድ ድረስ ተከታትሎ ውጤቱን ይበልጥ አጠበበ፤ ማዘንበልም አልተገኘም።

እነዚያ አዮኖች በሌዘር የቀዘቀዙ አልነበሩም፤ ነገር ግን ሞለኪውልን ይዞ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳይተዋል። አዮን ያልሆኑትን ከባድ ሞለኪውሎች እንዲሁ ለማቆየት የሌዘር ማቀዝቀዝ ዋናው መንገድ ነው። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ኢተርቢየም ሞኖፍሎራይድን በ2018 በሌዘር ያቀዘቀዙትም ለዚሁ ምርመራ ነው።