የተቃና ጣት ዕድሜ፦ ከሥጋ ደዌ የእጅ ቀዶ ጥገና ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሥጋ ደዌ በአገራችን ለረጅም ዘመን «ቁምጥና» ሲባል ኖሯል። ቃሉ በአድማጭ አእምሮ የሚቀርጸው የበሽታውን መነሻ ሳይሆን ዘግይቶ የሚመጣውን ጉዳት፣ ያጠረውን ጣት ነው። ዛሬ ስያሜው የሰውን ክብር የሚነካ በመሆኑ ከሕክምናው ቋንቋ ወጥቷል። በሽታው ራሱ ጣት ይበላል የሚለው እምነት ግን ከቃሉ ጋር አብሮ አልወጣም። የጣት መገጣጠሚያ ጥገና ታሪክ የሚጀምረው የዚህ እምነት ስሕተት ሲገለጥ ነው።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ህንድ ቬሎር ሲሠራ፣ ጣት የሚያጥረው በአብዛኛው ስሜት ያጣ እጅ ቃጠሎና ቁስል ሳይታወቀው ስለሚደጋገምበት መሆኑን አስረዳ። የጣቶች መቆልመም ደግሞ በክርን በኩል የሚያልፈው አልናር ነርቭ ሲጎዳ የመዳፍ ትናንሽ ጡንቻዎች በመሽመድመዳቸው ይከሰታል። ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ወደ ኋላ ሲለጠጥ፣ መካከለኛው መገጣጠሚያ ይታጠፋል። ብራንድ ካልተጎዳ ጡንቻ ጅማት እያዛወረ እነዚህን ጣቶች ማቅናት ጀመረ።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ በተደረገው የዓመታት ክትትል ነው። ከቀደምት ዘዴዎች አንዱ፣ ጣትን ከሚያጥፉት ሁለት ጅማቶች አንዱን አንሥቶ ወደ ጣቱ ጀርባ ማዛወር ነበር። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ጣቱ የተቃና ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን በአንዳንዶቹ መካከለኛው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ እየተለጠጠ እንደ ዝይ አንገት ተቀለበሰ። በዚህም ምክንያት ብራንድ የእጅ አንጓን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አንዱን በጅማት ቅጥያ አስረዝሞ ወደ መጠቀም አዘነበለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ በሚታወቀው፣ በደሴ አቅራቢያ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ፣ በ1950ዎቹ በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን አማካይነት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ። በ1965 ደግሞ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል፣ አለርት፣ በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ ብራንድም ከጠንሳሾቹ አንዱ ነበር። የተቀናጀው መድኃኒት በ1983 በኢትዮጵያ መሰጠት ጀመረ። የሥጋ ደዌ አገልግሎትም በሂደት ከአጠቃላይ የጤና አገልግሎት ጋር ተዋሐደ። ቦሩ ሜዳም ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ።

መድኃኒቱ ባሲሉን ይገድላል፤ የሞተ ነርቭ ግን አያስነሣም። በአለርት የተካሄደውና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው የረጅም ጊዜ ክትትል ከ594 አዲስ ሕሙማን 55 በመቶው በምርመራው ዕለት አስቀድሞ የአካል ጉዳት እንደነበረባቸው አሳይቷል። የነርቭ ጉዳቱ አዲስና ድንገተኛ ሲሆን 88 በመቶው ነርቭ ሙሉ በሙሉ አገገመ፤ ጉዳቱ ሥር የሰደደ ወይም የሚመላለስ ሲሆን ግን ያገገመው 51 በመቶው ብቻ ነበር።

ስለዚህ የተቃና ጣት ዕድሜ የሚወሰነው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። የደረቀ መገጣጠሚያ በተዛወረ ጅማት አይታጠፍም፤ ስለሆነም ከቀዶ ጥገናው በፊት በእንቅስቃሴና በተከታታይ ጄሶ ሊለሰልስ ይገባል። ከጥገናው በኋላም ጄሶው ሲወጣ፣ የተዛወረው ጡንቻ አዲሱን ሥራውን በፊዚዮቴራፒ መማር አለበት። ከሁሉም በላይ፣ ቀዶ ጥገና እንቅስቃሴን እንጂ ስሜትን አይመልስም። የተቃናው እጅ የጋለ ምጣድ ወይም ጀበና ሲነካ እንደ ቀድሞው አይሰማውም፤ የተሻለ መጨበጥ በመቻሉም ለአዲስ ጉዳት ሊጋለጥ ይችላል።

ይህ ሥራ የሚጀምረው በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ጣቢያዎች ነው። ዕርፍ የሚጨብጠው ገበሬ፣ እንጀራ የምትጋግረው እናት፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም አስቀድመው የሚደርሱት ወደዚያው ነውና። የክርን ነርቭን መዳሰስ፣ የትንሿን ጣት ጉልበትና ስሜት መፈተን፣ አዲስ ድክመት ሲገኝ ሳይዘገዩ በፕሬድኒሶሎን ማከም ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ጥቂት ደቂቃ የሚጠይቅ ተግባር ነው። ከቀዶ ጥገና የተመለሰውንም ሰው «ድኗል» ብሎ ከመዝገብ ከማውጣት ይልቅ፣ በየቀጠሮው እጁን ገልጦ ማየት ይገባል። ጣቱ ተቃንቶ የሚኖረው በዚህ ክትትል ነው።