ከቃሊቲ ጥቁር አንበሳ፦ 60 ጉዞ

ከቃሊቲ ጥቁር አንበሳ ደርሶ መመለስ ለጤነኛም ሰው ቀን ይበላል። የሳንባ ካንሰርን ለማዳን የሚሰጠው የተለመደ የጨረር ሕክምና ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 6 ሳምንት፣ 30 ቀን ነው። ደርሶ መልስ 60 ጉዞ። ያውም ወረፋ ከደረሰ።

ወረፋው ታሪክ አለው። በጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና በኮባልት ማሽን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አገሪቱ ሌላ ማዕከል አልነበራትም፤ ከመተማም ከሞያሌም የመጣው የሚሰለፈው እዚያው ነበር። ኮባልት ደግሞ በባሕርዩ በየ5 ዓመት ከ3 ወሩ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። በጊዜው ካልተተካ አንድ ታማሚ ማሽኑ ሥር የሚተኛበት ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ሰልፉም አብሮ ይረዝማል።

በዚህ መሃል የሳንባ ታማሚው ተረሳ። ሳሉ መጀመሪያ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ይውጣል። እውነቱ ሲታወቅ “ጊዜው አልፏል” ይባላል። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ጨረር ባያድንም ያስታግሳል፤ ደም ለሚያስል፣ አጥንቱን ለሚያመው አንዳንዴ የአንድ ቀን ሕክምና ይበቃል። አንድ ቀን!

ዛሬ ጅማና ሐረርም ማዕከል አላቸው። አባትዎ “አልፏል” ከተባሉ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ለማስታገስስ ጨረር አይሰጣቸውም?