የላዛሪስት ማኅበር በኢትዮጵያ



ከጉለሌ እስከ ቃሊቲ በተዘረጋችው ከተማችን «ሚሲዮን» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ነው። ነገር ግን የሚሲዮን ታሪክ የላኪዎች ብቻ ሳይሆን የተቀባዮችም ሥራ መሆኑን የላዛሪስት ማኅበር ታሪክ ይመሰክራል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ይህን ማኅበር በፓሪስ የመሠረቱት በ1625 ነው። በዚያው ዓመት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ የአገሩን ሥርዐት ሽረው የላቲንን ሥርዐት ለመትከል ስለ ተነሡም ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል የካቶሊክ ስም የሚያስፈራ ስም ሆኖ ኖረ።

ላዛሪስቱ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ ትግራይ ሲመጡ የጠበቃቸው ይህ ቂም ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዙ፤ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኵሴ ለብሰው ኖሩ፤ የግዕዙንም ሥርዐተ ቅዳሴ አከበሩ። ሕዝቡም «አቡነ ያዕቆብ» ብሎ ጠራቸው።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ የላኳቸውን መልክተኞች ደ ያቆቢስ አብረው ሸኙ። ከመልክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ እኒህም በልጅነታቸው አንድ ዐይናቸውን ያጡ፣ የመርጡለ ማርያም መነኵሴ ናቸው። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ክርክር ዕረፍት ነሥቷቸው ስለ ነበረ ብዙ መጻሕፍት መረመሩ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ደግሞ ደ ያቆቢስ ቅስና ሰጧቸው።

የሚያሳዝነው ግን፣ ያ መልክት ያመጣቸው አቡነ ሰላማ ኋላ የእኒሁ ሰዎች ብርቱ ተቃዋሚ ሆኑ። አቡኑ የመንበራቸውን እምነት ለመጠበቅ፣ ገብረ ሚካኤልም ያመኑበትን ላለመካድ ቆሙ። ሊቁ ታሰሩ፤ በሰንሰለት እየተጐተቱ በ1855 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዐረፉ። ደ ያቆቢስም በ1860 ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ሮም ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ ደ ያቆቢስን በ1975 ቅዱስ ብላለች።

ጣሊያን ኤርትራን ከያዘ በኋላ በ1894 የኤርትራ ሚሲዮን ለጣሊያን ካፑቺኖች ተላለፈ፤ የፈረንሳይ ላዛሪስቶችም እዚያ የደከሙበትን ትተው ወጡ። የመንግሥታት ፉክክር እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ማኅበሩ በኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያውያን ካህናት የሚያገለግሉበት የራሱ አውራጃ አለው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንት እንተወውና ለሥራችን የሚሆነውን እንያዝ። ሜንዴዝ የንጉሥ ትእዛዝ ይዘው መጥተው ሁሉን አጡ፤ ደ ያቆቢስ ግን ቋንቋ በመማር ጀምረው ወዳጅ አፈሩ። ከመሥሪያ ቤታችን ወደ ሩቅ አገር ስንሾም ከደብዳቤው ማኅተም ይልቅ የአገሩን ሰላምታ አስቀድመን ብንማር ሥራችን የሚጸና ይመስለናል።