የያዩ ከሰል ባለቤቶች

በደቡብ ጎንደር የደራ ገበሬ ሩዙን አርሞ ሲጨርስ የሚበትነው ዩሪያ ማዳበሪያ አንበሳሜ የሚደርሰው በብዙ እጅ አልፎ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ይገዛዋል፤ መርከብ ጅቡቲ ያራግፈዋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ዩኒየን መጋዘን ይገባል፤ ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ማኅበር፣ ማኅበሩ ለገበሬው ያከፋፍላል። ሐሙሲት ላይ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ አንበሳሜ ሲገባ፣ ጆንያው ላይ የሚነበበው ‹ናይትሮጅን 46 በመቶ› የሚለው ጽሑፍ እንኳ የታተመው ባሕር ማዶ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የተፈረመ አንድ ውል ግን ይህን ጆንያ ከኢሉባቦር ሊያስመጣው ነበር። ጥሬ ዕቃውም ከያዩ ጫካ ሥር የሚወጣ የድንጋይ ከሰል ነበር። አብዛኛው ከሰል ዛሬም እዚያው መሬት ውስጥ ነው። በስሙ ብድር የወሰዱ፣ ውል የተፈራረሙና ዕዳ የተረከቡ ድርጅቶች ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲቀመጥ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እነሱ ናቸው።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው፤ ብዙም የሚያጓጓ አይደለምና። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ከምድር ሥር ያለውን ሀብት የመንግሥት ይዞታ አድርጎ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የማምረቻ መሣሪያዎችን በመንግሥት እጅ ሲያስገባ ማዕድኑም አብሮ ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት ‹የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ› ነው ይላል። ሦስት ሥርዓት መጥቶ ሲሄድ ባለቤቱ አልተቀየረም ማለት ነው። አዲስ የገባው ‹ሕዝብ› የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ከሰሉ ተጠይቆ አያውቅም።

ለደቡብ ጎንደር ሰው ቅርቡ ከሰል የያዩው አይደለም። ጎንደርን አልፎ ወደ መተማ ሲወረድ ጭልጋ አለ። የ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ተጓዦች በጭልጋ ወንዞች ዳር ጥቁር የከሰል ንብርብር መኖሩን ጽፈዋል። ጭልጋን ዓለም ያወቃት ግን በማገዶዋ ሳይሆን በአጥንቷ ነው። በዚያው ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የጥንት ዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይተሪየም የሚባለው ባለ መንታ ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ቅሪቶች ተገኝተው፣ ግኝቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። በአማራ ክልል ሌላም የታወቀ የከሰል ቦታ አለ፦ ውጫሌ። የውጫሌን ስም ስንሰማ ውሉ ትዝ ይለናል እንጂ ከሰሉ ትዝ አይለንም፤ አያስገርምም፣ አንቀጽ 17ን የሚያህል ጣጣ ያመጣ ከሰል የለምና።

የያዩ ነገር ከእነዚህ የሚለየው በመጠኑ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በገባ ወንዝ ተፋሰስ ባደረጉት ቁፋሮ ክምችቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ተገምቷል። ከሰሉ ለጋ ነው፤ ውሃና አመድ ይበዛበታል። እንዲህ ያለውን ከሰል ጭኖ ከማጓጓዝ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ይሻላል የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ‹የድንጋይ ከሰል ፎስፌት ማዳበሪያ ኮምፕሌክስ ፕሮጀክት› የሚል ረጅም ስም ያለው ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከሰሉ ከያዩ፣ የፎስፌቱ ድንጋይ በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ካለው ቢቅላል ይመጣል፤ ሁለቱ ተዳምረው ዩሪያም ዳፕ የተባለው ሌላ ማዳበሪያም ይወጣቸዋል ተባለ።

አሠራሩን ላልሰማ አንባቢ እንዲህ ነው። ከሰሉ ተፈጭቶ በእንፋሎትና በኦክሲጅን ከፍ ባለ ሙቀት ይጋያል። እሳት ከመሆን ይልቅ ጋዝ ይሆናል። ከጋዙ ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ከአየር ከሚወሰድ ናይትሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊት ሲጣመር አሞንያ ይወጣል። አሞንያው እዚያው ከተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ የስኳር ፍሬ የመሰለው ነጭ ዩሪያ ይሆናል። አብዛኛው የዓለም ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ቻይና ግን ጋዙ ስለሚያጥራት ከከሰል ትሠራለች። የያዩ አርአያም ቻይና ነበረች።

የመጀመሪያው ችግር ከመሬት በታች ሳይሆን ከመሬት በላይ ነበር። ያዩ ቡና በራሱ የሚበቅልበት፣ የዓረቢካ ዝርያ ማኅደር የሆነ ጫካ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነውን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው ወረዳ የከሰል ፋብሪካ ውል ተፈረመ። አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጫካውን ለዓለም አስመዝግቦ ሲመለስ ሌላው ቡልዶዘር ይዞ ገባ። ለፋብሪካው ከመሬታቸው የተነሡት የቡና ገበሬዎች የካሣ ጥያቄም ከፕሮጀክቱ ዕድሜ በላይ ቆየ።

ውሉን የወሰደው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም በምናውቀው ስሙ ሜቴክ ነው። ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ሲመሠረት በመከላከያ ሥር የነበሩ ፋብሪካዎችን ጠቅልሎ ያዘ። ከእነዚህ አንዱ ጋፋት ይባል ነበር፤ ስሙ የተወሰደው ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ካስቀለጡበት ጋፋት ነው። ቴዎድሮስ ያንን መድፍ ቢያንስ ሠርተው መቅደላ አፋፍ አድርሰውታል።

በያዩ የታሰበው በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያና ለፋብሪካው ኃይል የሚሰጥ 90 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። የውሉ ዋጋ ወደ 11 ቢሊዮን ብር፣ ገንዘቡ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የፋብሪካው ባለቤት የተባለው ደግሞ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን ነው፤ ሙገር ሲሚንቶን ጭምር የሚያስተዳድረው ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አሠሪው የመንግሥት፣ ሠሪው የመንግሥት፣ አበዳሪው የመንግሥት፣ ከሰሉ የመንግሥት። ሥራው ሲዘገይ ማን ማንን ይክሰስ? በግል ንግድ ቢሆን ባንኩ መያዣውን ይዞ ሐራጅ ያወጣ ነበር፤ ባለቤቱ ተቋራጩን ፍርድ ቤት ያቆም ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ኪስ የአንድ ኮት ኪስ ነው።

በሁለት ዓመት ግድም ያልቃል የተባለው ሥራ ቀኑ እየተገፋ ሄደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሥራ ኃላፊዎችን እየጠሩ ጠየቁ፤ የተከፈለው ገንዘብ ከተሠራው ሥራ በላይ መሆኑም በይፋ ተነገረ። በዚህ መሐል ወለዱ አላረፈም። ፋብሪካ ሳይኖር፣ አንድ ኪሎ ዩሪያ ሳይወጣ፣ የብድሩ ወለድ በየቀኑ ይቆጥራል። በ2010 ዓ.ም. ገደማ፣ የለውጡ መንግሥት የሜቴክን ትልልቅ ውሎች ሲነጥቅ፣ ያዩም ከእጁ ወጣ። ግንባታው ያን ጊዜ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የስም ለውጥ ታሪክ ነው። ሜቴክ ተከፍሎ ወታደራዊው ክፍል ወደ መከላከያ ተመለሰ፣ የቀረው ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተባለ። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት የልማት ድርጅቶችን ከብድር ጫና ለማላቀቅ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን ዕዳም ከተዛወሩት አንዱ ነው። ፕሮጀክቱን ለባለሀብት የማስተላለፍ ሐሳብም ደጋግሞ ተነሥቷል። እኔ በዚህ ሁሉ የባለቤትነት ዝውውር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እውነተኛ ሽያጭ ሆኖ ይታየኛል፦ የዕዳው። ሌላው ሁሉ ካንድ የመንግሥት ቢሮ ወደ ሌላ የመንግሥት ቢሮ የተላለፈ መዝገብ ነው። ዕዳው ግን ከድርጅት ትከሻ ወርዶ በግብር ከፋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ማዳበሪያውን ደግሞ ያው ግብር ከፋይ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ መግዛቱን አልተወም።

ያ ዋጋ በፎገራና በደራ ምን እንደሚያስከትል ማንም የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ይህ አካባቢ ሩዝ ማምረት የጀመረው በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራዋ ጅግናና በፎገራዋ ሻጋ የገበሬ ማኅበራት ዘሩን ከሞከሩ በኋላ ነው። የታወቀው ዝርያ ኤክስ ጅግና የሚባለው በዚያ ምክንያት ነው፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተሠርቷል። ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ጥቁር መሬት ሩዙን ይችላል፤ ዩሪያ ካልተጨመረበት ግን ዘለላው አይሞላም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አልደርስ ብሎ የዘር ወቅት ሊያልፍባቸው የተቃረበ የክልሉ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ያዩ በወቅቱ አልቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሰልፍ አይኖርም ነበር ማለት አልችልም፤ 300 ሺህ ቶን የአገሪቱ ፍላጎት ከፊሉ ብቻ ነውና። ያም ቢሆን ላም አለኝ በሰማይ ከማለት ይሻል ነበር።

ከሰል ራሱ በነዚህ ዓመታት ሌላ ገዥ አግኝቷል፤ ሲሚንቶ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃቸውን ለማንደድ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ከሰል ያስመጡ ነበር። ዶላሩ ሲጠፋ የማዕድን ሚኒስቴር ፊቱን ወደ አገር ውስጥ አዞረ፤ በዳውሮና በሌሎች የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ከሰል አጥበው አመዱን የሚቀንሱ የግል ኩባንያዎች ፈቃድ ወሰዱ። ባለቤትነቱ አሁንም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ኩባንያው የሚይዘው ዓመት የተወሰነለት የማምረት ፈቃድ ነው፤ ሮያሊቲ ይከፍላል፣ ዘመኑ ሲያልቅ ይታደሳል ወይም ይመለሳል። በገባ ሸለቆ ከሰሉን አንድ ትልቅ ፋብሪካ ወደ ሌላ ነገር ሊለውጠው ነበር፤ የዳውሮው ከሰል ግን በገልባጭ መኪና ተጭኖ ወደ ሲሚንቶ ምድጃ ይሄዳል።

የዩሪያው ነገር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሯል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራረመ፤ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የታሰበው ምርት በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን፣ ጥሬ ዕቃው ከኦጋዴን የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከያዩ የሚለየው አንዱ ነገር ባለቤትነቱ በቁጥር መጻፉ ነው፦ 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ። ቢከስር ስድስት እጁን የሚሸከም ሌላ ሰው አለ፤ ቢያተርፍም እንዲሁ። ከጎዴ እስከ አንበሳሜ ያለውን የጭነት ዋጋ ማን እንደሚሸፍን ግን ገበሬው ጆንያውን ሲገዛ ያየዋል።