የአንቶንዮ ሎካቴሊ አሟሟትና መታሰቢያው

በሰሜን ኢጣልያ በዶሎሚቲ ተራሮች፣ «ሦስቱ ጫፎች» ከሚባሉት ታላላቅ ቋጥኞች ፊት ለፊት፣ ተራራ ወጪዎች የሚያድሩበት አንድ ማረፊያ ቤት አለ። ቤቱ የሚጠራው በአንቶንዮ ሎካቴሊ ስም ነው። በትውልድ ከተማው በቤርጋሞም በስሙ የተሰየመ መንገድ ይገኛል። ይህ ሰው የሞተው በአገራችን፣ በወለጋ ውስጥ ቦናያ በተባለ ስፍራ፣ ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ. ም. ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሟሟቱን ታሪክ በአጭሩ ገልጦ፣ መታሰቢያው የሚናገረውንና የሚተወውን ማመልከት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሎካቴሊ በ1887 ዓ. ም. ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ነጂ ሆኖ ስሙ ገነነ። ነሐሴ 3 ቀን 1910 ዓ. ም. ባለቅኔው ዳኑንዚዮ ወደ ቪየና ባደረገው በረራ ከተካፈሉት አንዱ እሱ ነበር። በዚያን ዕለት በጠላት ከተማ ላይ የተበተነው ወረቀት ነበር እንጂ ቦምብ አልነበረም። ከዚያም በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች በአየር ተሻገረ። በ1916 ዓ. ም. ክረምት በሰሜን በኩል አትላንቲክን ለመሻገር ሲሞክር ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወርዶ፣ የአሜሪካ የጦር መርከብ አገኘውና ከሞት ተረፈ። ስለዚህ ደፋር ሰው እንደ ነበረ ማንም ሊክድ አይችልም።

ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ግን ይህ ድፍረት ለሌላ ሥራ ዋለ። የኢጣልያ አየር ኃይል በዚህ ጦርነት ከቦምብ ሌላ የሰናፍጭ ጋዝ ጥሏል። የኢጣልያ መንግሥት ይህን በግልጥ ያመነው ስድሳ ዓመት ቈይቶ፣ በ1988 ዓ. ም. ነው። ይህን ስንል ጥፋቱን በአንድ ሰው ራስ ላይ ለመጫን አይደለም፤ ሎካቴሊ ያገለገለው የትኛውን ጦር እንደ ሆነ ለማስታወስ ነው።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም. ከተያዘች በኋላ ምዕራቡ አገር ገና በጠላት እጅ አልገባም ነበር። ኢጣልያኖች የወለጋን ባላባቶች አግባብተው አገሩን ያለ ውጊያ ለመያዝ አሰቡ። ስለዚህ በሰኔ ወር ሦስት አውሮፕላኖች ቦናያ ላይ አረፉ። ከመጡት ሰዎች መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቸንሶ ማልዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልደሪኒ፣ ሎካቴሊና ሚሲዮናዊው አባ ማሪዮ ቦሬሎ ነበሩ።

በዚያው ወራት ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ወደ ነቀምት ደርሰው ነበር። ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል በሚወጣው የምዕራብ መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት በ1927 ዓ. ም. በስዊድን መኰንኖች መምህርነት የተከፈተ ስለ ነበረ፣ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን እንኳ አልጨረሱም ነበር። እነዚህ ወጣቶች የአውሮፕላኖቹን መምጣት ሰምተው በሌሊት ከበቡ፤ አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ማልዮኮን፣ ካልደሪኒንና ሎካቴሊን ከባልደረቦቻቸው ጋር ገደሉ። አባ ቦሬሎ ግን ተረፉ። ይህ ሥራ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ስም ከሚነሣባቸው የመጀመሪያ ታላላቅ ተግባሮች አንዱ ነው።

ኢጣልያኖች ይህን ነገር «ፍጅት» ብለው ጠሩት። የመጡት ለንግግር ነበር የሚለውን ክርክር ልንመረምረው ይገባል። በዚያች ሌሊት ቦምብ አልጣሉም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጄኔራልና ኮሎኔል በጦር አውሮፕላን ሆነው፣ ጦርነት ባላበቃበት አገር የወረዱት አገሩን ለመያዝ ነበር። ስለዚህ ጦረኛ ጦረኛን ገጠመ ቢባል የሚቀርብ ይመስለናል።

ጥቁር አንበሶች ባወጡት ደንብ ውስጥ ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛም በሰብአዊነት እንዲያዝ የሚያዝዙ አንቀጾች ነበሩ። እነሱ ራሳቸው ሲማረኩ ግን ይህ ወግ አልደረሳቸውም። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ. ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ፤ ከየካቲት 12 ቀን በኋላ ደግሞ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ፣ ሌሎችም የማኅበሩ ወጣቶች ተገደሉ።

እንግዲህ ሎካቴሊን የወለደች አገር ልጇን ማስታወሷ አያስገርምም፤ ሟችን ማሰብ የሰው ሁሉ ወግ ነው። ነገር ግን በተራራው ቤት የሚያድር እንግዳ የስሙን ባለቤት አሟሟት ሲጠይቅ «አፍሪካ ውስጥ ሞተ» ብቻ ቢባል ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። እኛም በበኩላችን «ሦስት አውሮፕላን አቃጠልን» ብለን ብቻ ካለፍን፣ አቃጣዮቹ ዕድሜያቸው እንደኛ የሆነ ተማሪዎች እንደ ነበሩ እንረሳለን። የሎካቴሊ ስም በተነሣበት ሁሉ ቦናያ አብሮ ይነሣ፤ ቦናያ ሲነሣም የሆለታ ልጆች ስም አይቅር። የነዚያን ወጣቶች ታሪክ ከየቤተ ሰቡ ዘንድ ካለው ወረቀትና ትዝታ ሰብስቦ መጻፍ የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው።